በመታጠቢያ ቤቱ የተሳቀው ሳቅ

"የኔን ያጥባል፤ የራሱን ግን አያስነካኝም።"

"እና አንተ ምን ትለዋለህ?"

"ምን እለዋለሁ። ዝም ነዋ።"

ከዚያ በኋላ እናቷ አንድ ነገር ተናግረው ነበር፤ ምን እንዳሉ ግን ሮስቪታ አታስታውስም። ያኔ ገና ልጅ ነበረች። አልጋዋ ውስጥ ሆና፣ ገርበብ ብሎ በቀረው በር በኩል፣ አባትና እናቷ ኩሽና ውስጥ ሲነጋገሩ ነው የሰማችው። ውጭ በረዶ እንደነበር ታስታውሳለች፤ የአባቷ ካልሲዎች ምድጃው ላይ ተሰጥተው እርጥብ ሱፍ ሱፍ ይሸቱ ነበር። የአንድ ምሽት ንግግር ይሁን፣ ወይም የሁለት ምሽት ንግግር በሐሳቧ ተቀላቅሎ፣ ለይታ አታውቅም። ማን እንደሚያጥብ፣ ምን እንደሚያጥብም አልጠየቀችም። የከሰል ቆፋሪ ልጅ ኩሽና ውስጥ የሰማውን ሁሉ እንደማይጠይቅ ቀድሞ ይማራል።

አሁን ሮስቪታ ግራቦቭስኪ ስልሳ ዓመት ሊሞላት ተቃርቧል። ሰኞ ረፋድ ላይ ጎብኚዎቿን ይዛ፣ ዛሬ ሙዚየም በሆነው በጀርመኑ የኦዲሊያ ከሰል ማዕድን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቆማ ነበር። ጉብኝቱ ሁልጊዜ የሚያልቀው እዚህ ነው። እስከዚያ ድረስ ማለት ያለባትን ብላ ጨርሳለች፤ ጉድጓዱ መቼ እንደተከፈተ፣ ከምሥራቅ የመጡት እነማን እንደሆኑ፣ ከሰሉ መውጣት ሲያቆም የጉድጓዱ አፍ እንዴት በሲሚንቶ እንደተደፈነ፣ ከሥር ያለው ውኃ ከተማውን እንዳያሰጥም ዛሬም ድረስ በፓምፕ እንደሚሳብ፣ ዓለም እስክታልፍ ድረስም መሳብ እንዳለበት። ሰው ይህን ሲሰማ ይደክመዋል። መታጠቢያ ቤቱ ሲደርስ ግን ይነቃል።

ጣሪያው እንደ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ከፍ ያለ ነው። ከላይ፣ በሰንሰለት ጫፍ ላይ፣ በየመንጠቆው ጃኬትና ሱሪ ተንጠልጥሏል። ቆፋሪው የቤት ልብሱን መንጠቆው ላይ ሰቅሎ፣ ሰንሰለቱን ስቦ ወደ ጣሪያው ያወጣዋል፤ ከታች ቆልፎት ወደ ጉድጓድ ይገባል። ሲወጣ ታጥቦ ያወርደዋል።

"ጀርባውን ግን ማንም ብቻውን አይታጠብም ነበር" አለች ሮስቪታ እንደ ሁልጊዜው። "እጅ አይደርስማ። አለቃም ሆነ አዲስ ገቢ፣ አንዱ የሌላውን ያጥባል። አሁን ደግሞ የአባቴን ድምፅ ስሙ።" ግድግዳው ላይ ያለውን ቁልፍ ተጫነች።

ድምፁ የተቀዳው አልፎንስ ግራቦቭስኪ ሳንባቸው ሳይደክም ነው። ሞቅ ያለ፣ ሳቅ የሚተናነቀው ድምፅ።

"ዱርሙሽ የሚባል ቱርክ ነበረን፤ ከዞንጉልዳክ የመጣ። ጎበዝ ነበር፣ አይካድም። ግን ሲታጠብ የውስጥ ቁምጣውን አያወልቅም። እኛ ሁላችን እናታችን እንደወለደችን ቆመናል፣ እሱ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኗል። አንድ ቀን አንዱ ተንኮለኛ የሱን ልብስ ጣሪያ ላይ እንደተሰቀለ ቆለፈበት፤ ቁልፉ የለም። ሰው ሁሉ ለብሶ ወጣ። ምን ያድርግ? በእርጥብ ቁምጣ፣ በበረዶ ላይ፣ የትራሙን ሐዲድ ተከትሎ ወደ ቤቱ። ሕፃናቱ ከኋላ ከኋላው። በማግስቱ መጥቶ እሱም አብሮን ሳቀ። እንዲህ ነበርን። ከጉድጓድ ሲወጣ ሁሉም ጥቁር ነው፤ ጀርመን የለ፣ ቱርክ የለ።"

ጎብኚዎቹ ሳቁ። ሮስቪታም ሳቀች፤ "እንደ ሙሽራ" የሚለው ቦታ ላይ ሁልጊዜ ትስቃለች። ያኔ ነው ከኋላ፣ ከአግዳሚ ወንበሩ አጠገብ፣ አንዲት ግራጫ ካፖርት የለበሰች ሴት ሳትስቅ ቆማ ያየቻት።

ሰዎቹ ወጥተው ሲያልቁ ሴትዮዋ ቀረች። ኑርተን እባላለሁ አለች። የመስጊዱ አረጋውያን ሐሙስ ሊጎበኙ ስለሚመጡ፣ ደረጃው ለከዘራና ለተሽከርካሪ ወንበር ይመች እንደሆነ ልታይ ነበር የመጣችው። ይህን በእርጋታ ተናግራ ስታበቃ የግድግዳውን ቁልፍ አየችው።

"ያ ሰው አባቴ ነው" አለች።

"የሚያወራው?" አለች ሮስቪታ ሳታስበው። ፊቷ ላይ ከቅድሙ ሳቅ የተረፈ ነገር ነበር።

"አይደለም። ባለ ቁምጣው።"

ሮስቪታ ያን ትራፊ ሳቅ ከፊቷ ላይ የት እንደምታደርገው ጠፋት። የሰው ፊት እንደ ልብስ ቶሎ አይቀየርም።

ኑርተን ድምፅዋን ሳታነሳ ነገረቻት። ያን ቀን ታስታውሰዋለች፤ ገና ትምህርት ቤት አልገባችም ነበር። አባቷ በረዶ ፀጉራቸው ላይ ደርቆ ሲገቡ፣ እናቷ ልጆቹን ወደ መኝታ ክፍል አስገብተው በሩን ዘጉ። በኋላ፣ አባታችሁ ቦዩ ውስጥ ወድቆ ነው አሏቸው። እስከ ዛሬ ረፋድ ድረስ ቦይ ነው ብላ ታምን ነበር። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አባቷ ከሥራ ሲመለሱ እናቷ ውኃ እያፈሉ፣ በገንዳ አስቀምጠው፣ ጀርባቸውን በብሩሽ ያጥቧቸው ነበር። ልጆቹ የቆፋሪ ሁሉ ጀርባ ቤቱ የሚታጠብ ይመስላቸው ነበር።

"አባቴ አልሳቀም። ለብዙ ጊዜ ልምጣ ልምጣ ሲል ነው የከረመው" አለች። "ማዕድኑ ከተዘጋ ወዲህ ረግጦት አያውቅም። ለልጅ ልጆቹ የት እንደሠራ ሊያሳይ ነው። ጺሙን ተስተካክሏል።"

"ሐሙስ ድምፁን እዘጋዋለሁ" አለች ሮስቪታ ፈጥና። "ቃሌ ነው። አንድም ሰው አይሰማውም።"

"ሐሙስ ይዘጉታል" አለች ኑርተን። "ዓርብስ?"

ኑርተን መልስ ሳትጠብቅ ስልክ ቁጥሯን ሰጥታት፣ የደረጃውን መደገፊያ እየነካካች ጥንካሬውን ፈትሻ ሄደች።

የሙዚየሙ ኃላፊ ወጣት ነው፤ ሰውም አይጠላም። ሮስቪታ ስትነግረው አዘነ። ሆኖም ከጉብኝቱ ሁሉ ሰው ወዶ የሚሄደው ያንን ነው አላት፤ ድምፁን የሰጡት አባትሽ ናቸው፣ ይነሣ ካሉ ዛሬውኑ ይነሣል፣ ያለ እሳቸው ቃል ግን አልነካውም። ነገሩ እንዲህ ሆኖ ወደ አልፎንስ ሄደ።

አልፎንስ የሚኖሩት ማዕድኑ ለሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች በአንዱ ነው። ቤቱ ወደ አትክልቱ ቦታ ዘንበል ብሏል፤ ከሥሩ ከሰሉ ስለወጣ መሬቱ ሰምጧል። የመመገቢያው ጠረጴዛ ሁለት እግሮች ሥር እንጨት ተነጥፏል፤ እንዲያም ሆኖ ሾርባው ሳህኑ ውስጥ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። "የራሱን ቤት ከሥር የቆፈረ ሞኝ ካላያችሁ እኔን እዩ" ይላሉ ለመጣው ሁሉ። ከአፍንጫቸው ላይ የኦክስጅን ቱቦ አይነሣም። ቱቦው ረጅም ስለሆነ ከኩሽና እስከ ጓሮው አግዳሚ ወንበር ያደርሳቸዋል፤ ከዚያ አያልፍም።

ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ሮስቪታ የአተር ሾርባ ይዛላቸው ሄደች። ሲጨርሱ ልትነግራቸው አስባ ነበር፤ አልቻለችም፤ መሀል ላይ ነገረቻቸው።

"ትንሿ ልጁ ናት?" አሉ አልፎንስ።

"አሁን ትንሽ አይደለችም፣ አባዬ።"

"ምን አለች?"

"አባቴ አልሳቀም አለች።"

"ስቋል። እዚያው ቆሜ አይቼዋለሁ።"

"እንዴት አድርጎ ሳቀ?"

አልፎንስ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። "አፉን ከፈተ። ጥርሱ ታየ። ሌላ ምን ፈልገሽ ነው?"

ይህን ካሉ በኋላ ራሳቸውም የሰሙት መሰሉ፤ ማንኪያውን መልሰው አላነሡም። ትንሽ ቆይተው ስለ አያታቸው ጀመሩ። አያታቸው ከማዙሪያ ሐይቆች አካባቢ በባቡር መጥተው ኦዲሊያ ሲገቡ በስማቸው የጠራቸው እንዳልነበረ፤ ፖላክ እያሉ በፖላንድነታቸው ሲሰድቧቸው አርጅተው ፖላክ ሲሏቸው እንደሞቱ። እሳቸውም ዋጡት። ማንም ይቅርታ ብሎ በራቸውን አላንኳኳም።

"ጎድቷቸው ነበር?" አለች ሮስቪታ።

"አላውቅም። አልጠየቅኩትም" አሉ አልፎንስ፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

በሩ ተንኳኳ። የማክሰኞ ካርታ ቀን ነበር። ኤቫልድና ፍሪድሄልም ከአልፎንስ ጋር በአንድ ቡድን ከሰል የቆፈሩ፣ ከዚያ ቡድን በሕይወት የቀሩ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሲገቡም ሲወጡም የሚባባሉት ያንኑ የጉድጓድ ሰላምታ ነው።

"በሰላም ያውጣህ" አሉ ኤቫልድ ኮፍያቸውን እያወለቁ።

"በሰላም ያውጣችሁ።"

"ሮሲ፣ ይህን ሽማግሌ ምን አበላሽው? ፊቱ የሰኞ ፈረቃ መስሏል።"

ፍሪድሄልም ጆሯቸው አይሰማም፤ የጆሮ መሣሪያቸውን ደግሞ ባትሪ ይበላል ብለው ኪሳቸው ውስጥ ነው የሚያኖሩት። የተባለውን ሳይሰሙ ሳቁ። ሮስቪታ የፕለም ኬክ ልትቆርጥ ወደ ጓዳ ገባች። ካርታው ሲበወዝ፣ አባቷ በዝቅተኛ ድምፅ ስለ ሙዚየሙ ሲናገሩ ሰማች።

"የቁምጣውን?" አሉ ኤቫልድ። "እሱን ከዘጉት ምን ተረፈ? ዝገት። የኔ ልጆች ለሱ ሲሉ ነው የሚሄዱት።"

አልፎንስ፣ ሰዎች ቅር ብሏቸዋል አሉ።

"የዛሬ ሰው በምኑም ቅር ይለዋል። ደግሞ አንተ ልዩ ነህ። 'አንዱ ተንኮለኛ' እያልክ ታወራለህ፣ እንዳላወቅንህ። ቁልፉን ሳሙና ውስጥ ወትፎ የያዘው ማን ነበር?"

"ማን ነበር?" አሉ ፍሪድሄልም፤ ይህቺን ሰምተዋታል።

"አልፎንስ ነዋ። ቁልፉን ሳሙናው ውስጥ ወትፎ፣ በዚያው ሳሙና ጀርባውን ሲያሽለት። ሰውየው ቁልፉን ጀርባው ላይ ተሸክሞ አያውቀውም። እኔ ሳቄን ማቆም አቅቶኝ ግድግዳ ይዤ ነበር።" ኤቫልድ አሁንም ሳቁ፤ የዚያኑ ቀን ሳቅ ነበር። "እኛም አናሳርፈውም ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። 'አልፎንስ፣ የቱርኩን ጀርባ እንዲህ ቀስ አድርገህ የምታሸው፣ ሠርጉ መቼ ነው?' እያልን። አንድ ቀን በቃኝ ብሎ ነው ያደረጋት። ከዚያ በኋላ ማንም ሠርግ አላለም።"

ሮስቪታ የኬኩን ሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አልፎንስ አይተዋታል። ዐይናቸውን ወደ ካርታቸው መልሰው፣ የትኛውን እንደሚጥሉ ሳያውቁ አንዱን ጣሉ። ያ ዙር ተበላባቸው፤ ቀጣዩም ተበላባቸው። ኤቫልድ ሲያሾፉ ቆይተው፣ ሰውየው ዛሬ ትንፋሹ ጥሩ አይደለም ብለው ፍሪድሄልምን አስነሡ።

ሲወጡ ሮስቪታ ሳህኖቹን ሰበሰበች። አጠበቻቸው። ቀስ ብላ አደረቀቻቸው። ከዚያ መጥታ አባቷ ፊት ተቀመጠች።

"የኔን ያጥባል፣ የራሱን ግን አያስነካኝም" አለች። "ለእማማ እንዲህ ብለህ ነበር። ስለሱ ነበር?"

አልፎንስ ቀና አሉ። "ሰምተሽ ነበር እንዴ?"

"ምን እንደሆነ አላወቅኩም።"

"እናትሽ ዐወቀች።" ቱቦውን አስተካከሉ። ከዚያ በኋላ የተናገሩት ቁርጥ ቁርጥ እያለ ነው፤ ትንፋሽ ስላጠራቸው ብቻ አልነበረም። በማግስቱ ዱርሙሽ ወደ ሥራ መጡ፤ እንደ ልማዳቸው አብረው ወረዱ፣ አብረው ቆፈሩ፣ አብረው ወጡ። መታጠቢያ ቤት ሲገቡ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ይደባደቡ ይሆናል ብሎ። ዱርሙሽ ሳሙናና ጨርቅ አነሡ፣ አልፎንስን ዙር አሏቸው፣ ጀርባቸውንም እንደ ሁልጊዜው አጠቡላቸው። አላጠበቁ፣ አላላሉ። ሲጨርሱ አልፎንስ ጨርቁን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ። ዱርሙሽ አልሰጧቸውም። በከሰል ጀርባቸው ላይ ሸሚዛቸውን ለብሰው ወጡ።

"በማግስቱም እንደዚያው። በማግስቱም። ኦዲሊያ እስኪዘጋ ድረስ የኔን ሳያጥብ የቀረበት ቀን የለም። እኔ የሱን አንድ ቀን አላጠብኩም።"

"ለምን አጠበህ?"

"ደንቡ ነዋ። አብሮህ የወረደ ሰው ጀርባው እንደጠቆረ ቤቱ አይሄድም። እሱ ደንቡን ጠበቀ።" አልፎንስ እጆቻቸውን ተመለከቱ። "እናትሽ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? 'አንተስ እንዴት ቆመህ ትታጠባለህ?' አለችኝ። ቆሜ ታጠብኩ ሮሲ። በየቀኑ ቆሜ ታጠብኩ። ከዚያ ሲያረጅ ጊዜ ቀልድ አደረግኩት። ቀልድ ሲሆን ማውራት ይቻላል።"

ሮስቪታ አልገሠጸቻቸውም፣ አላጽናናቻቸውምም።

"ንገሪያቸው ይዝጉት" አሉ በመጨረሻ። "ሐሙስ ብቻ አይደለም። ለዘላለም ይዝጉት። አለቀ።"

ወደ ቤቷ ስትሄድ ቀልሏት ነበር። ትራሙ ውስጥ ተቀምጣ ግን ያ መቅለል አሳፈራት። ድምፁ ሲዘጋ የሚያርፈው ማን ነው? ዱርሙሽ ወይስ አልፎንስ? የሙዚየሙ ግድግዳ ዝም ይላል፤ የኑርተን አባትም የሷም አባት ያወቁትን ይዘው ይሞታሉ፤ እሷ ደግሞ ሰኞ ሰኞ ቆማ "አንዱ የሌላውን ያጥባል" ማለቷን ትቀጥላለች። ለስንት ሰው ተናግራዋለች? ከስንቱ ጋር አብራ ሳቀች? አባቷ ያደረጉት አንድ ቀን ነው፤ እሷ ግን በየሳምንቱ ቁልፍ ስትጫን ኖራለች።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ቅዳሴው ላይ ከእሷ ጋር ጥቂት አሮጊቶች ብቻ ነበሩ። ስለ አባቷ ልትጸልይ ፈልጋ ነበር፤ ጸሎቱ ግን እንቢ አላት። በመጨረሻ፣ ጌታ ሆይ፣ የሌላ ሰው ኀፍረት ላይ ቆሜ ራሴን ጻድቅ እንዳላደርግ ጠብቀኝ አለች። ይህ ሊባል የሚችል ጸሎት መስሎ ታያት፤ እሱኑ ደግማ ተነሣች።

ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ አባቷ ደወሉ። ሌሊቱን አስበውበታል። ዱርሙሽ ቤት ልሂድ አሏት፤ አንቺ ታደርሺኛለሽ፣ ትንሹን የኦክስጅን ጠርሙስ እንይዛለን፣ ከትናንቱ ኬክም ተርፏል። እቤቱ ገብቼ፣ በሩን ዘግተን፣ ለሱ ብቻ እነግረዋለሁ። ድምፃቸው የሚለምን ነበር። ሮስቪታ ደስ አላት፤ ወዲያው ለኑርተን ደወለች።

ኑርተን እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

"ቤታችን አይምጡ" አለች። "ቢመጡ አባቴ ተነሥቶ ወንበር ይሰጣቸዋል። ሻይ ይቀዳል። 'ምንም አይደል፣ ረስቼዋለሁ' ይላል። ቤቱ ለመጣ እንግዳ ሌላ ምን ይባላል? እሳቸው ቀልሏቸው ይሄዳሉ። እሱ ግን እንደገና አንዴ ይስቃል።"

ሮስቪታ ስልኩን እንደያዘች ከአንድ ሱቅ መስኮት ፊት ቆመች። በመስታወቱ ውስጥ ራሷን ላለማየት ወደ መሬት አየች።

"ሰው ፊት የተደረገ ነገር ጓዳ ውስጥ አይመለስም፣ ወይዘሮ ሮስቪታ" አለች ኑርተን። ከዚያ ለስለስ ብላ ጨመረች። "ትናንት ነግሬዋለሁ። ልደብቀው ፈልጌ ነበር፤ ፊቴን አይቶ ምን ሆነሻል አለኝ። ድምፁ ምን እንደሚል ነገርኩት። 'አልፎንስ ሳንባው እንዴት ነው?' አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ነገ ይመጣል። ጫማውን እየጠረገ ነው።"

ከሰዓት በኋላ አልፎንስ ጓሮው ውስጥ አግዳሚ ወንበራቸው ላይ ነበሩ፤ ቱቦው እስከ መጨረሻው ተዘርግቷል። ሙሉ ኮትና ክራቫት አድርገዋል፤ ጉልበታቸው ላይ የኬኩ ሣጥን አለ። ሮስቪታ ኑርተን ያለችውን አንድም ሳትቀንስ ነገረቻቸው። የሳንባቸውን ነገር ስትነግራቸው ሣጥኑን ከጉልበታቸው ላይ አንሥተው አጠገባቸው አስቀመጡት።

"እንዲህ አለ?"

"እንዲህ አለ።"

አልፎንስ ወደ አትክልቱ አዩ። ባሮ ሽንኩርታቸው በመስመር ቆሟል፤ መሬቱ ስላዘነበለ መስመሩም አብሮ አዘንብሏል።

"ነገ እነማን ናቸው የሚመጡት?"

"አረጋውያኑ። የልጅ ልጆቻቸውም።"

"እሺ። እመጣለሁ። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ቆሜ እናገራለሁ" አሉ። ሮስቪታ አፏን ልትከፍት ስትል እጃቸውን አነሡ። "ቆይ። እነሱ እኔን አያውቁኝም። የማያውቅሽ ሰው ፊት ማፈር ቀላል ነው። አፍሬ፣ አልቅሼ፣ አጨብጭበውልኝ እመለሳለሁ። ማክሰኞ ኤቫልድ መጥቶ የቁምጣውን ንገረን ሲለኝስ?"

"አትነግረውማ።"

"ለምን ሲለኝስ?"

ሮስቪታ የኬኩን ሣጥን ገፋ አድርጋ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"ያን ቀን እዚያ የነበሩት ኤቫልድና ፍሪድሄልም ናቸው። የሳቁት እነሱ ናቸው። እንዲስቁልኝ ብዬ ነው ያደረግኩት።" አልፎንስ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "ከነሱ ሌላ ማን ቀረኝ? ሁለቱ ናቸው። ሌላው ሁሉ መቃብር ነው። ነገ እነሱ ፊት ይህን ካልኩ፣ ማክሰኞ ላይመጡ ይችላሉ።"

"እኔ አለሁልህ፣ አባዬ።"

"አንቺ ልጄ ነሽ። ምርጫ የለሽም" አሉ። ሊስቁ ነበር፤ አልሳቁም።

ከጎረቤት አጥር ወዲያ አንድ ሰው ሣር ያጭድ ነበር፤ ማጨጃው ቆመ፣ ተነሣ፣ እንደገና ቆመ። ሮስቪታ ልትገፋቸው አልፈለገችም። ከተገፋ ሰው የሚወጣ ቃል የገፋው ሰው ቃል ነው። ልታባብላቸውም አልፈለገችም። ተቀምጣ ጠበቀች፤ ክራቫታቸው ጠባብ ስለሆነባቸው አንገታቸውን ሲያላሉ አየች፤ ዐይኖቻቸው ሲረጥቡና እንደገና ሲደርቁ አየች።

"ስልኩን አምጪልኝ" አሉ።

አመጣችላቸው። ቁጥሩን ራሳቸው መቱት፤ በቃላቸው ያውቁታል።

"ኤቫልድ፣ እኔ ነኝ። ስማኝ፣ ነገ ጠዋት ኦዲሊያ ና፤ መታጠቢያ ቤቱ ጋ። ፍሪድሄልምንም ይዘኸው ና። የጆሮ መሣሪያውን ከኪሱ አውጥተህ አድርግለት፤ እንዲሰማ ነው የምፈልገው።" ከወዲያ ኤቫልድ አንድ ነገር ቀለዱ፤ የሳቃቸው ድምፅ ሮስቪታ ድረስ መጣ። "አይ፣ ቢራ የለም። ዱርሙሽ ይመጣል። አዎ፣ እሱ። ያን ቀን ያደረግኩትን በገዛ አፌ ልነግረው ነው፤ እናንተ ቆማችሁ እየሰማችሁ። ቀልድ አይደለም ኤቫልድ።"

ሳቁ ቆመ። መስመሩ ግን አልተቋረጠም።

"ብትቀርም እነግረዋለሁ" አሉ አልፎንስ። ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት። "ብትኖር ግን ይሻላል። የሳቅነው አንድ ላይ ነው።"

ቆዩ። ሮስቪታ ከስልኩ ውስጥ የሰው ትንፋሽ ሰማች፤ እንደ አባቷ ትንፋሽ አቧራ የገባበት ነበር። ከዚያ ኤቫልድ፣ ቀልድ በሌለው፣ ባረጀ ድምፅ፦

"ኮት ልልበስ?" አሉ።

"ልበስ" አሉ አልፎንስ።